ፌስቱል፣ ማኪታ ወይስ የለመድነው ሰርኩላር? ሐዋሳ ላለ እንጨት ሠሪ የተዘጋጀ ንጽጽር

ሐዋሳ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገብታችሁ ፌስቱል ስለሚባለው የማሽን ብራንድ ብታነሱ መጀመሪያ የምትሰሙት ዋጋውን ነው። እውነት ነው፣ ያስደነግጣል። ግን ዋጋው አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። ማሽኑን እስክትለምዱ የሚባክነው ሰዓትና የሚበላሸው ጣውላ ግን ደረሰኝ የለውም። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ጉልበታቸውን ሳይሆን ለመልመድ የሚጠይቁትን ነው።

መጋዙ

ተራውን የእጅ ሰርኩላርና ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ትራክ ሶ እናስተያይ። ተራው የቦሽ ጂኬኤስ 190 በ190 ሚሊ ዲስክ እስከ 70 ሚሊ ጥልቀት ይቆርጣል። ከትራክ ሶዎቹ የፌስቱል ቲኤስ 55 ዲስኩ 160 ሚሊ፣ ጥልቀቱ 55 ሚሊ ነው። የሌላው ብራንድ የማኪታ ኤስፒ6000 ደግሞ በ165 ሚሊ ዲስክ 56 ሚሊ ይወርዳል። በቁጥር ከሄድን ርካሹ ይበልጣል። ሥራችሁ ሞራሌና የጣሪያ እንጨት መቁረጥ ከሆነ በእርግጥም እሱ ይበቃችኋል።

ልዩነቱ የሚወጣው በፋብሪካ በተጨመቁት ሰሌዳዎች፣ በኤምዲኤፍና በኮምፔንሳቶ ላይ ነው። በተራው ሰርኩላር ቀጥ ያለ ቆረጣ ስትፈልጉ፣ ከማሽኑ ጠርዝ እስከ ዲስኩ ያለውን ርቀት ትለካላችሁ። በዚያ ርቀት ቀጥ ያለ ጣውላ በሞርሳ ታስራላችሁ፣ ከዚያ ማሽኑን ወደ እሱ እያስጠጋችሁ ትገፋላችሁ። ነባር አናጢ ይህን ስሌት ሳያስብ ይሠራዋል። ትራክ ሶ ላይ ስሌቱ የለም። የሐዲዱ የላስቲክ ጠርዝ ራሱ የመቁረጫው መስመር ነው። ምልክቱ ላይ ታጋድሙታላችሁ፣ አለቀ። ታዲያ እጅ የለመደውን ቶሎ አይተውም። መጀመሪያ ሰሞን የማያስፈልገውን ርቀት እየጨመረ ሰሌዳ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ጋሼ የምንለው ባለሙያ ነው እንጂ ትናንት የገባው ልጅ አይደለም።

ላስቲኩ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። አዲስ ሲመጣ ትርፍ ስላለው የመጀመሪያው ቆረጣ ይከረክመዋል። ከዚያ በኋላ ልኩ የዚያ መጋዝና የዚያ ዲስክ ብቻ ነው። የቀድሞው ቲኤስ 55 ዲስክ ሲቆርጥ ከእንጨቱ የሚበላው ስፋት 2.2 ሚሊ ነው፣ የአዲሱ ሞዴል 1.8 ሚሊ። እንግዲህ ማሽን መዋዋስ የተለመደ ነገር ነው። የጎረቤትን መጋዝ በእናንተ ሐዲድ ላይ ስታስኬዱ ግን ላስቲኩ ተከርክሞ ልኩ ሊጠፋ ይችላል። ደግነቱ ላስቲኩ ይቀየራል።

የሐዲዱ ርዝመትም ሳይታሰብ የሚታለፍ ነገር ነው። አብሮ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 1.4 ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ 1.22 በ2.44 ነው። በወርዱ ትቆርጣላችሁ፣ በቁመቱ አይደርስም። ሁለተኛ ሐዲድና ማያያዣ ትገዛላችሁ። ሁለቱን ቀጥ አድርጎ መግጠም ራሱ የሚለመድ ሥራ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ከጎበጠ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ይታወቃል።

ከፌስቱልና ከማኪታ የቱን? እኔን ብትጠይቁኝ ለመልመድ እኩል ናቸው፣ ማኪታ ይበቃል። መጋዞቹ አንዱ በሌላው ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ፣ ስለዚህ በኋላ ሐሳብ ብትቀይሩ ሐዲዱ አይጣልም። የቦሽ አዲሱ ሐዲድ ግን ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። ማኪታው ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ሁለትና ሦስት ሚሊ ብቻ ጫር የሚያደርግ ማቆሚያ አለው። መጀመሪያ ጫር አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ ሙሉውን ስትቆርጡ ላሚኔት ኤምዲኤፍ ጠርዙ አይፈነጣጠርም። ኪችን ካቢኔት ለሚሠራ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ማጋጠሚያው

የፌስቱል ዶሚኖ የተባለው የማጋጠሚያ ማሽን እየተሽከረከረ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ መሰርሰሪያ አለው። ጠፍጣፋ መሰኪያ የሚገባበትን ቀዳዳ በሰከንዶች ይቦረቡራል። በመሮ ያንኑ ለመሥራት ስንት ሰዓት እንደሚሄድ የሠራ ያውቀዋል። መሮ ግን ለመልመድ ዓመታት ይፈልጋል፣ ዶሚኖ ደግሞ ባጭር ጊዜ እጅ ይገባል። እዚህ ላይ ውድ ማሽን ልምድን ይተካል ማለት ይቻላል፣ መጋዙ ላይ ግን እንደዚያ አልልም።

የሚያሳስተው ነገር ሁለት ነው። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ጥብቅ፣ የቀሩትን ሰፋ አድርጉ። ሁሉንም ጥብቅ ካደረጋችሁ አንዷ ሚሊ ስታሳስት ሳንቃው አይገጥምም፣ ኮላውም እየደረቀ ነው። ሁለተኛው ሰጋቱራ ነው። ያለ አቧራ መሳቢያ ከሠራችሁ ቀዳዳው ውስጥ ይታጨቅና ማሽኑ ይጨነቃል። ስለዚህ ዶሚኖ ሲታሰብ መሳቢያውንም አብራችሁ አስቡ። የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ አልጋ በብዛት የምትረከቡ ከሆነ ያዋጣል። በወር ሁለት ወንበር ለሚሠራ ሰው ግን ትርፍ ነው፣ የእንጨት ፒንና መሰርሰሪያ ይበቃዋል።

ማለስለሻው

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። እየተሽከረከረ የሚንቀጠቀጠውን 150 ሚሊ ማለስለሻ መጫን አያስፈልግም፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። በግራይንደር ላይ ብርጭቆ ወረቀት አስሮ የለመደ ሰው ይጫነዋል፣ ዋንዛው ላይ ክብ ክብ ጭረት ይቀራል። በብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር ከ80 ጀምሮ 120፣ ከዚያ 180 እያሉ መሄድ እንጂ መዝለል የለም። ከሁሉም በላይ ግን ብናኙን የሚስብ ይሁን። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ በ1ኛ ምድብ አስቀምጦታል። ጓደኛ "ዕድሜ ልኬን ተነፍሼዋለሁ" ብሎ ሊስቅባችሁ ይችላል። ሳቁን ችላ በሉት።

ከውጭ ዘመድ ሲልክላችሁ

አሜሪካ ያለ ዘመድ ማሽን ልላክላችሁ ካለ መጀመሪያ ቮልቱን ጠይቁት። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የእነሱ 120። እንዲሁ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፣ ግን የመጋዙን ዋት በደንብ የሚሸከም መሆን አለበት፣ እሱም ውድና ከባድ ነው። ጀርመን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ካላችሁ የእነሱ ማሽን ቮልቱ ከእኛ ጋር ይስማማል፣ የሚቀየረው ቢበዛ ሶኬቱ ነው። መብራት ሲሄድ ሥራ ለሚቆምባችሁ ደግሞ የማኪታ ባለባትሪ ትራክ ሶ አለ፣ በሁለት 18 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ባትሪው የትም ሀገር ቢገዛ አይለይም፣ ቻርጀሩ ግን 220 የሚቀበል መሆኑን ከጀርባው አንብቡ።