በፊት የሚታዘዝ ስልክ፦ ካሜራ ስዊች ለወሎ ተጠቃሚ

እጃቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ስልክን በፊት እንቅስቃሴ ማዘዝ የሚያስችለው ካሜራ ስዊች እ.ኤ.አ. በ2021 ከአንድሮይድ 12 ጋር የመጣ ነው። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተስተካከለ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የሚለያቸው እንቅስቃሴዎች ስድስት ናቸው፦ ፈገግታ፣ አፍ መክፈት፣ ቅንድብ ማንሳት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ ላይ ማየት። ትልቅ እፎይታ የሚሰጥ መሣሪያ ነው፤ ግን የአገሩን ሰው ፊት አይቶ ማስተካከል ይፈልጋል።

ዋናው ችግር ቅንድብ ነው። እኛ ዘንድ ቅንድብ ማንሳት «አዎ» ነው። ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ጨዋታ ሲሰማ ሳያስበው ደጋግሞ ያነሳዋል፤ ስልኩ ደግሞ እያንዳንዷን እንደ ትእዛዝ ይቆጥርና ያላሰቡት ሰው ጋር ይደውላል፣ ያላለቀ መልእክት ይልካል። አፍ መክፈትም ያው ነው፤ ዱዓ ሲደረግ ከ«አሚን» ጋር አብሮ ይከፈታል። ስለዚህ ቅንድብን ባዶ ተዉት። «ምረጥ» ለሚለው ወደ ላይ ማየትን፣ «ቀጣይ» ለሚለው ወደ ቀኝ፣ «ተመለስ» ለሚለው ወደ ግራ ማየትን ስጡ። አፍ መክፈት ካሜራውን ለጊዜው ለማቆም ይሁን፤ ወሬ ከመጀመሩ በፊት ማቆም ልማድ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ቅንብሮች ውስጥ፣ ተደራሽነት፣ ስዊች አክሰስ (ስክሪኑን ሳይነኩ ስልክን በቁልፍ ወይም በፊት እንቅስቃሴ ማዘዣው) ከሚለው ሥር ይገኛል። እዚያው የእንቅስቃሴውን መጠንና ቆይታ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ድንገተኛው ይቀንሳል፣ ፊታቸው ቶሎ የሚደክም ሰዎች ግን ይቸገራሉ። ለእነሱ ቆይታውን አሳጥሮ መጠኑን ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

አቀማመጡ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙው ብልሽት ከዚያ ነው። ስልኩ ዓይን ትክክል፣ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በማቆሚያ ይታሰር። ጭን ላይ ከተቀመጠ ካሜራው አገጭ ነው የሚያየው፤ ወደ ላይ ማየትን ይስታል። ጀርባን ለበር ሰጥቶ መቀመጥ ፊትን ያጠቁራል። በክረምት የደሴ ጉም ሲወርድ ደግሞ ቤቱ ስለሚጨልም አምፖሉ ከፊት ለፊት ይሁን።

ጽሕፈት ላይ መታገሥ ያስፈልጋል። በአማርኛ ኪቦርድ አብዛኛው ፊደል ሁለት ምርጫ ነው፤ መጀመሪያ ፊደሉ፣ ከዚያ ድምፁ (ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ የሚሄደው)። ስካን ማለት ስልኩ ቁልፎቹን በተራ እያመለከተ ማስመረጡ ነው። በረድፍና በአምድ ስካን መጀመሪያ ረድፉ፣ ከዚያ ቁልፉ ስለሚመረጥ አንዱ ምርጫ ራሱ ሁለት «ምረጥ» ነው፤ ስለዚህ «ቀጣይ» ሳይቆጠር «ሰላም» ለማለት እስከ 12 «ምረጥ» ይሄዳል። በቀጥተኛ ስካን ግን «ምረጥ» ቢያንስም ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስለሚያልፍ ጊዜው ይረዝማል። የተለመዱ ዓረፍተ ነገሮችን አስቀድሞ ማስቀመጥ ብዙ ያሳርፋል። ስካኑ ቁልፉን ዘሎት የሚያልፍ መተግበሪያ ሲያጋጥም፣ ሠሪው ቁልፉን ለስርዓቱ ስላላሳወቀ ነው፤ ያኔ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ የሚመርጠው የነጥብ ስካን ከችግሩ ያወጣል።

የአውሮፓው የተደራሽነት መስፈርት ኢኤን 301 549 በአንቀጽ 5.3 አንድን የአካል ባሕርይ ብቻ የመለያ ወይም የመቆጣጠሪያ መንገድ ማድረግን ይከለክላል። ካሜራ ስዊች እዚህ ላይ ያልፋል፤ ከብሉቱዝ ወይም ከዩኤስቢ ቁልፍ ጋር ጎን ለጎን ይሠራል። ኒቃብ ለለበሰች ወይም ፊቷን በሻርፕ ለሸፈነች ሴት ይህ ወሳኝ ነው፤ ካሜራው ፊቱን ራሱን ሊያጣው ይችላልና። የሚወድቁት ሌሎች ናቸው፦ ማንነት ለማረጋገጥ «ራስዎን ወደ ቀኝ ያዙሩ» ብለው ሌላ አማራጭ የማይሰጡ መተግበሪያዎች። አንገቱ የማይዞር ሰው እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ የፊት ካሜራውን መተግበሪያው ሲወስደው ካሜራ ስዊች ስለሚቆም፣ ሌላ ቁልፍ ካልተያያዘ ለመውጣት እንኳ የሰው እጅ ይፈለጋል። ቪዲዮ ጥሪም ላይ ያው ነው።

ካሜራው ሁሌ ክፍት ስለሆነ ባትሪ ይበላል፤ መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ፓወር ባንክ ከማቆሚያው ጋር አብሮ ይገዛ።