ያገለገለ ሆም ሲኒማ ገዝታችሁ ድምፁ አልስተካከል ላላችሁ፣ አንድ ጎበዝ ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁም! ዛሬ ምስጋና ይዤ ነው የመጣሁት፣ እግረ መንገዴንም ጥቆማ። ቤታችን የተቀመጠውን ያገለገለ ሪሲቨርና ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ስፒከር የምር ሲኒማ አድርጎልን የሄደውን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ቅር ይለኛል። ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም፣ ያንን አምስት ስፒከርና ሳብ ውፈር (የባሱን ስፒከር) የሚነዳውን ከባዱን ጥቁር ሳጥን ነው የምላችሁ።

ዕቃው ሲመጣ ማንዋል የለው፣ ሪሞቱ የሌላ ሞዴል፣ የፊት ሁለቱ ስፒከሮች ከአንድ ሰው የተገዙ፣ ሴንተሩ (መሀል የሚቀመጠው) ከሌላ፣ የኋላዎቹ ትንንሾች ደግሞ ከተበላሸ የዲቪዲ ሆም ቴአትር የተረፉ ናቸው። ሲበራ ጥሩ ይበራል፣ ድምፅ ትንሽ ከፍ ሲደረግ ግን ጠቅ ይልና ስክሪኑ ላይ ፕሮቴክት ብሎ ጽፎ ይጠፋል። መጀመሪያ ያየው ሌላ ባለሙያ ክዳኑን ሳይከፍት፣ አንድ ገመድ እንኳን ሳይነካ "አምፑ ተቃጥሏል፣ ይሄ አይሰራም፣ ሌላ ላምጣላችሁ" ብሎ ነበር፣ አምፕ ማለት ድምፁን አጉልቶ ስፒከሮቹን የሚነዳው የሪሲቨሩ ክፍል ነው። ስም መጥራት አያስፈልግም፣ ብቻ እሱን ሰምተን ቢሆን ኖሮ ደህናውን ዕቃ ጥለን ሌላ ገዝተን ያው ችግር አዲሱም ላይ ይመጣብን ነበር፣ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

የኔ ልጅ መጣና መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ከጀርባ ያሉትን የስፒከር ገመዶች በሙሉ ነቀላቸው። ባዶውን አበራው፣ ቮሊዩሙን ከፍ አደረገው፣ ዝም ብለን ጠበቅን፣ አልጠፋም። "አምፑ ቢቃጠል ኖሮ ብዙ ጊዜ ባዶውንም ፕሮቴክት ይገባል፣ ስለዚህ ከገመድና ከስፒከር ነው የምንጀምረው" አለ። ከዛ አንድ በአንድ እየሰካ፣ እያንዳንዱን በሪሲቨሩ ቴስት ቶን እያስጮኸ ሄደ፣ ያው ሹ የሚለው ድምፅ። የኋላ ግራው ጋር ሲደርስ ጠቅ! በባትሪ አበራና አሳየኝ፣ ከቀዩ ተርሚናል አንዲት ፀጉር የምታህል የመዳብ ክር ወጥታ ጥቁሩን ነክታለች። ፕላስና ማይነስ ሲገናኙ ሾርት ነው፣ አምፑ ራሱን ለማዳን ይዘጋል፣ ፕሮቴክት የሚለውም ለዚሁ ነው። የሁሉንም ገመድ ጫፍ እንደ አዲስ ልጦ ክሮቹን ጠበቅ አድርጎ ጠምዝዞ መለሳቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ጋር ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሱ ግን ትንሽ አስጩኸን እንየው አለና እጁን ከላይ ሪሲቨሩ ላይ አድርጎ ቆየ፣ ቶሎ ነው የሚግለው አለ፣ አልወደደውም። የኋላዎቹን ትንንሽ ስፒከሮች ገልብጦ የጀርባ ጽሁፋቸውን አነበበ፣ 3 ኦም ይላል፣ ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ደግሞ ከ6 እስከ 16 ኦም ነው የሚለው። እነዚህ ከዲቪዲው ጋር አብረው የሚሸጡ ስፒከሮች ለራሳቸው ማጫወቻ ተብለው የተሰሩ ናቸው፣ ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑ ብዙ ከረንት እንዲሰጥ ይገደዳል፣ ይግላል፣ ይጠፋል፣ ቆይቶም የምር ይቃጠላል። ለዛ ነው አዲስም ብንገዛ ያው ነበር ያልኳችሁ።

እና እዚህ ጋር ነው ያከበርኩት። "እኔ ጋር ስፒከር አለ" አላለም። "ባለ 6 ወይ ባለ 8 ኦም የሆነ ትንሽ ስፒከር ፈልጉ፣ ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም፣ እስከዛ ያለ ኋላ ተጠቀሙ" አለና ሜኑ ውስጥ ገብቶ ሰራውንድ የሚለውን ኖን አደረገው። እንደዛ ሲደረግ የኋላው ድምፅ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ሪሲቨሩ ራሱ ወደ ፊተኞቹ ይደባልቀዋል። እኔ ይሄ እንዳለ ራሱ አላውቅም ነበር፣ ስንት ሰው ቤት የሌለ ስፒከር እንዳለ ሆኖ ተሞልቶ ግማሽ ድምፅ እየጠፋ እንደሆነ አስቡት።

ስፒከሮቹን አግኝተን ድጋሚ ስንጠራው ደግሞ ሌላ ጉድ፣ ከኋላ ምንም የለም፣ ከሴንተርም ምንም የለም፣ ፊት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚጮሁት። ቴስት ቶኑ ላይ ግን አምስቱም ይሰራሉ። ሪሲቨሩን እንኳን አልነካውም፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ነው የጠየቀን። የእኛ ሪሲቨር ቆየት ያለ ስለሆነ ኤአርሲ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ በዛው በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልሰው) የለውም፣ ኤአርሲ ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. የመጣ ነገር ነው፣ ከዛ በፊት በወጡት ላይ አትፈልጉት። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ የሚመጣው በኦፕቲካል ኬብል፣ ድምፁን በብርሃን በሚያስተላልፈው ነው። የቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ ደግሞ ፒሲኤም ላይ ነበር፣ በኦፕቲካል ፒሲኤም ከሆነ ደግሞ የሚያልፈው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ቢትስትሪም ወደሚለው (የፊልሙን የታመቀ ድምፅ እንዳለ ወደ ሪሲቨሩ የሚያሳልፈው) ቀየረው፣ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ላይ አውቶ ወይ ዶልቢ ዲጂታል ተብሎ ነው የሚገኘው፣ ወዲያው የሪሲቨሩ ስክሪን ላይ ዶልቢ ዲጂታል የሚል መጣ፣ የኋላዎቹም ነፍስ ዘሩ። ኬብል ግዙ፣ ቦርድ እንቀይር፣ ምንም የለም።

ግን ቁርጡንም አብሮ ነግሮናል። ብዙ የቴሌቪዥን ቻናልና ኢንተርኔት ላይ ያለ ቪዲዮ ከመነሻው ሁለት ቻናል ስቴሪዮ ነው፣ እሱን ስታዩ ከኋላ ድምፅ የለም ብላችሁ እንዳትደናገጡ። ከፈለጋችሁ ፕሮ ሎጂክ 2 የሚለው ሞድ ስቴሪዮውን ወደ አምስቱ ይዘረጋዋል፣ ደስ ይላል፣ ግን እውነተኛ 5.1 (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሳብ ለየብቻ የተዘጋጀ ድምፅ) አይደለም። እውነተኛ 5.1 ፊልም ላይም ቢሆን የኋላዎቹ ሁሌ አይጮሁም፣ ዝናብ፣ ከኋላ የሚያልፍ መኪና፣ የህዝብ ጩኸት ምናምን ሲመጣ ነው የሚሰሙት፣ አለበለዚያ ዝም።

ከሁሉም ያስደሰተኝን ልንገራችሁ። እናቴ ድራማ ስታይ ሁሌ "የሚያወሩት አይሰማኝም፣ ሙዚቃው ሲመጣ ግን ጆሮዬን ይበሳዋል" ትላለች። ልጁ ይሄን ሲሰማ "ማዘር፣ ሁሌ የሚቀመጡበት ቦታ ይቀመጡልኝ" አላትና ቦታውን የለካው ከሷ ጆሮ ነው፣ ከኔ አይደለም። ፊልም ላይ ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከሴንተሩ ነው፣ የኛ ሴንተር ደግሞ የቴሌቪዥን ማስቀመጫው ታችኛው መደርደሪያ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ ለጉልበት ነበር የሚያወራው። ወደ ጠርዙ አወጣው፣ ከፊቱ ስር የጎማ ቁራጭ ከቶ ወደ ጆሮዋ ቀና አደረገው፣ ከዛ የሴንተሩን ቮሊዩም ብቻውን 2 ዴሲቤል ጨመረለት። በዛው ዳይናሚክ ሬንጅ የሚባለውን ለማታ አሳየን፣ ጩኸቱን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ የሚያደርግ ነው። እናቴ ከዛ ቀን ጀምሮ ትመርቀዋለች፣ የኔ ምስጋና ከሷ ምርቃት አይበልጥም።

አቀማመጡን በሜትር ነው የሰራው። የፊት ሁለቱ ከመሀል በግምት 30 ዲግሪ ግራና ቀኝ፣ የኋላዎቹ ደግሞ እንደ ስማቸው ጀርባችን ላይ ሳይሆን ከጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ 110 ዲግሪ አካባቢ፣ ከጆሮም ከፍ ብለው። እኔ ከኋላ ግድግዳ ጥግ ላይ ነበር የሰቀልኳቸው የሚል ሰው ካለ ምስማሩን መንቀል ሊጀምር ይችላል ሃሃሃ። ፊት ካሉት አንደኛው ደግሞ ገመዱ ተገልብጦ ነበር፣ ፕላሱ ማይነስ ላይ። ይጮሃል እኮ፣ ግን ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ እየተጎታተቱ ባሱ ሳስቶ መሀሉ ባዶ ይሆናል። ገመዱ ላይ ያለችውን መስመር ተከትሎ ነው ያገኘው።

ሳብ ውፈሩን ያስቀመጠበት መንገድ ደግሞ አስቆን ነበር። አንስቶ ሶፋው ላይ፣ ልክ እኛ የምንቀመጥበት ቦታ ላይ አስቀመጠው፣ ባስ ያለው ሙዚቃ ከፈተ፣ ከዛ በአራት እግሩ ክፍሉን ዞረ! የት ጋር ባሱ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ፣ የት ጋር እንደሚያጉረመርም እየሰማ ማለት ነው። ጥርት ያለበት ቦታ ሲገኝ ሳቡ እዛ ይቀመጣል፣ ድምፁ ደግሞ ሶፋው ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጥግ ላይ ሲሆን ይጮሃል ግን ያጉረመርማል፣ ጎረቤትንም ያስመርራል። ስፒከሮቹን በሜኑ ስሞል አደረጋቸው፣ መቁረጫውን 80 ሄርዝ ላይ፣ ከዛ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ሳቡ ይሸከመዋል። ስሞል ስላለው ቅር ያለው ጓደኛ አለኝ፣ "የኔ ስፒከር ትልቅ ነው" ይላል፣ ነገሩ የስፒከሩ ክብር ጉዳይ አይደለም ወዳጄ።

ያገለገለ ስትገዙ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የካሊብሬሽን ማይኩ ነው፣ የኛም አልነበረውም። ዴኖን ላይ አውዲሲ፣ ያማሃ ላይ ዋይፓኦ፣ ፓዮኒር ላይ ኤምካክ የሚባለው ማለት ነው፣ ማይኩን ጆሮ ከፍታ ላይ ታስቀምጡና ሪሲቨሩ ራሱ እየጮኸ ርቀቱንም ቮሊዩሙንም ይለካል። የሌላ ብራንድ ማይክ ቦርሳው ውስጥ ነበረው፣ ሰክቶ ሊያልፍ ይችል ነበር፣ ማንም አያውቅበትም፣ ግን "እያንዳንዱ ሪሲቨር ለራሱ ማይክ ነው የተሰራው፣ በሌላ ከለካሁት የውሸት ቁጥር ነው የሚሰጠኝ" ብሎ በእጅ ሰራው። የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀት በሜትር ለክቶ ሜኑው ላይ ሞላ፣ ድምፅ አንዷን ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት ቅርብ ያለውን ትንሽ ያዘገየዋል አሉ፣ ሁሉም እኩል ጆሮ ጋር እንዲደርስ። ቮሊዩሙን ደግሞ በድምፅ መለኪያው ሁሉንም 75 ዴሲቤል ላይ አገናኛቸው። ክፍሉ ፀጥ እንዲል ፍሪጁን ሁሉ አስጠፍቶናል፣ መልሶ ማብራቱን ያስታወሰንም እሱ ነው።

ጎደሎውንም ካልነገርኳችሁ ጥቆማ አይሆንም። ያረፍዳል። መጣሁ ካለ ከዛ ሰዓት በኋላ ጠብቁት፣ ቀጠሮ ሌላ ቦታ ካላችሁ አታቀራርቡት። ስራውም ቀስ ያለ ነው፣ ሰክቶ የሚሮጥ ሰው ለምትፈልጉ አይሆንም። ክዳን ከፍቶ ቤት ውስጥ ሶልደር አድርግልኝ ብትሉትም እምቢ ይላል፣ ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛሉ፣ እሱን የሚሰራው የራሱ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኔ ይሄን ከድክመት አልቆጥረውም።

ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ሳትከፍሉ በፊት ብታማክሩት ይሻላል። ለኛ ያለን ይሄን ነው፦ ሻጩ ቤት እያንዳንዱን ቻናል በቴስት ቶን አስጩሁ፣ ቮሊዩሙን ስታዞሩ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ እወቁት፣ ሁሉንም የኤችዲኤምአይ መግቢያ አንድ በአንድ ሞክሩ፣ በጋለ ጊዜ የማቃጠል ሽታ ካለው ጥላችሁ ውጡ፣ የስፒከሩ ውፈር (ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ክብ) ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር መሆኑን እዩ። ጀርባው ላይ 100 ወይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነና የቤታችሁ መብራት 220 ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት፣ አንዴ ነው የሚጮኸው። 4ኬ ማጫወቻ ያላችሁ ደግሞ በድሮ ሪሲቨር ውስጥ ካላለፈ አትበሳጩ፣ ማጫወቻውን ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክታችሁ ድምፁን ብቻ በኦፕቲካል ወደ ሪሲቨሩ መላክ ይቻላል፣ የኛም እንደዛ ነው የተሰራው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ ራሱ ስላልፈለገ ነው፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝና እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ግን የሪሲቨሩን ጀርባ፣ የስፒከሮቹን የኋላ ጽሁፍ፣ የቴሌቪዥኑን መሰኪያዎች ፎቶ አንሱና ክፍሉ ስንት በስንት እንደሆነ ለኩ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፣ አንዳንዱን ችግር እንደውም በፎቶ ብቻ አይቶ ሳይመጣ ይፈታላችኋል፣ ለዛም ገንዘብ አይቀበልም።