ልጄን ሁለተኛ ሲቲ ላላነሳው ባለሙያ

ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ሦስት ጊዜ ሲያስመልሰው በሌሊት ይዘነው ሮጥን። ሲቲ ስካን (በጨረር የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ተነሳ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደም የለም ተባልን። በእጃችን የተሰጠን ግን አንዲት የውጤት ወረቀት ብቻ ነበረች። በማግስቱ ያየው ስፔሻሊስት ምስሉን ካላየሁ አለ። ምስሉ የለንም። እንግዲያው ድጋሚ ይነሳ ተባለና እዚሁ አዲስ አበባ ወዳለ ሌላ የምርመራ ማዕከል ተላክን።

ዛሬ የማመሰግነው እዚያ ያገኘነውን ራዲዮግራፈር፣ ማለትም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ባለሙያ ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለኝ አልጠራውም። ከፍለን፣ ልጁን ጫማውን አውልቀን ጨርሰናል። እሱ ግን ወረቀቱን አየና «ትናንት ተነስቷል እኮ፤ ምስሉ የት ሄደ?» አለ። ራሱ ስልክ አንስቶ ወደ መጀመሪያው ቦታ ደወለ። ባለቤቴ በታክሲ ሄዶ ሲዲውን ይዞ መጣ። ልጄ ሁለተኛ አልተነሳም። ብራችንም ተመለሰ።

ሲዲው ውስጥ ከምስሎቹ ጋር የጨረር መጠን የተጻፈበት ገጽ አለ። እንዲህ ያለ ገጽ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዲኤልፒ (የምርመራው ጠቅላላ የጨረር መጠን) ከሚለው ጎን 980 ይላል። ራዲዮግራፈሩ ትንሽ ዝም ብሎ አየውና «እህቴ፣ ይሄ የአዋቂ መጠን ነው። ለእሱ ግማሹ ገደማ ይበቃው ነበር» አለኝ። የልጆቹ ፕሮግራም መመረጥ ሲገባው የአዋቂው ተመርጦ ኖሯል። እንባዬ መጣ።

አላስፈራራኝም፣ አልሸነገለኝምም። 980ውን ለ5 ዓመት ልጅ ጭንቅላት በሚያገለግለው 0.004 አባዝቶ ወደ 4 ሚሊሲቨርት (ጨረር በሰውነት ላይ ያለው ጉዳት የሚገመትበት መለኪያ) መሆኑን አሳየኝ። ሰው ከመሬት፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። «የትናንቱ ምርመራ የግድ ነበር። አደጋውም ትንሽ ነው። ያለ ምክንያት እንዳይደገም ብቻ» አለኝ።

ማሽኑ ልጄ ውስጥ የገባውን በምን አወቀ? ብዬ ጠየቅኩት። «ማሽኑ ልጅሽን አያውቀውም» አለና በስልኩ ፎቶ አሳየኝ። እንደ ጉቶ ድፍን የሆነ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። በጭንቅላት ምትክ የሚለካበት ወርዱ 16 ሴንቲሜትር፣ በሰውነት ምትክ የሚለካበት 32 ሴንቲሜትር ነው። መሃሉና ዳር ዳሩ ላይ ቀዳዳ አለው። እርሳስ የመሰለ መለኪያ በየቀዳዳው እየከተቱ ጨረሩን ይለኩታል። ስክሪኑ ላይ በሚሊግሬይ (የጨረር መለኪያ) የሚወጣው ቁጥር ከዚህ ፕላስቲክ የመጣ ነው፤ በተነሳው ርዝመት ሲባዛ ዲኤልፒ ይሆናል። የቀጭን ልጅ ሆድ በ32ቱ ከተሰላ ደግሞ ቁጥሩ ልጁ በእውነት ካገኘው ያንሳል። የልጃችሁን ሆድ የምታስነሱ ወላጆች፣ በየትኛው እንደተሰላ ጠይቁ።

ከዚያ ልጄ መጀመሪያ ወደተነሳበት ቦታ መልሶ ደወለላቸው። ቁጣ የለም፣ ወቀሳ የለም። የልጆቹ ፕሮግራም የት እንዳለ በትዕግስት አስረዳቸው። ለእኔ ከሁሉ በላይ ይህ ነው፤ ነገ በሌሊት እዚያ የሚደርሰው ልጅ የማን እንደሆነ አናውቅም።

ልጅ ይዛችሁ ሲቲ የምትሄዱ፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ ፈልጉ። ዕድሜውንና ኪሎውን የሚጠይቅ፣ «ከዚህ በፊት ተነስቷል?» የሚል። ስትወጡ ሲዲውን ከነቁጥሩ ገጽ ተቀበሉ። የእኛን ቁጥር ክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ በእጁ ጻፈልን።

ልጄ ዛሬ ደህና ነው፤ እየሮጠ ነው። ወንድሜ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው።