ለመቻል አሠልጣኝ፣ ለኮምቦልቻው ጋሼ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ይህን ጽሑፍ ዛሬ ነገ ስል ሥራ ይዞኝ ቆየሁ። ውሻ ያላችሁ፣ ውሻችሁ አልታዘዝ ያላችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ውሻ እያዘለሉ መወዳደር ያማራችሁ፣ እስከ ታች አንብቡት። ውሻ የሌላችሁም አንብቡት፤ የጎረቤታችሁ ውሻ አስቸግሯችሁ ይሆናል።

ነገሩ ይሄ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ወረድ ሲባል፣ ውሻ የሚያሠለጥኑ አንድ ሰው አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ድሮ በጥበቃ ሥራ ላይ ውሻ ይዘው ይሠሩ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተው በግቢያቸውና ከግቢው ጀርባ ባለች ሜዳ የሰው ውሻ ያሠለጥናሉ። የኛን ውሻ፣ መቻልን፣ ሰው ያደረጉልን እሳቸው ናቸው። ሰው ያደረጉልን ስል ማጋነን አይደለም፤ ከሳቸው በፊት ያየነውን አሳር ብትሰሙ ታምኑኛላችሁ።

የመጀመሪያው ቦታ «ውሻውን ትታችሁልን ሂዱ፣ ሠልጥኖ ትወስዱታላችሁ» አለን። ክፍያው ሙሉው በቅድሚያ። ልናየው ስንሄድ «ባለቤቱን ካየ ሥልጠናው ይበላሽበታል» እያሉ ከበር ይመልሱናል። ስንረከበው የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። አንገቱን ገመድ በልቶታል። «በደንብ ሠልጥኗል፣ አሁን ቃል ብቻ ይበቃዋል» ብለው አስረከቡን። ምን እንደሠለጠነ የገባን ቤት ስንደርስ ነው። እማዬ በረንዳውን ልትጠርግ መጥረጊያ ብታነሳ፣ መቻል መሬት ላይ ተለጥፎ ሽንቱን ለቀቀው። ያ የሚዘል፣ የሚጫወት፣ የሰው ጫማ ይዞ የሚሮጥ ውሻ! እማዬ መጥረጊያውን ጥላ ቤት ገባች። ስልክ ብደውልላቸው «ውሻ እኮ መፍራት አለበት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩም አልተነሳም። እግዜር ይይላቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ።

ሁለተኛው አልመታም፣ አላስራበም። ገና መቻልን ሲያይ ሳቀ እንጂ። «ይሄ እኮ የሀበሻ ውሻ ነው፤ ይሄ አይሠለጥንም። ጀርመን ሼፐርድ ይዘህ ና» አለኝ። የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ የሚሸጠውም ራሱ ነው። ዋጋውን ሲነግረኝ የበግ ዋጋ መስሎኝ ነበር፤ የበሬ ሆኖ አገኘሁት። ለምክሩም አስከፍሎኛል፣ አዎ፣ ለምክሩ።

በዚህ ተስፋ ቆርጬ እያለሁ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ኮምቦልቻ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ለምን አትሞክራቸውም» ያለኝ። ሚኒባስ ውሻ እንደማይጭን ታውቃላችሁ። ደውዬ ይህንኑ ብነግራቸው ጋሼ ራሳቸው ደሴ ዕቃ አድርሶ ባዶውን የሚመለስ የፒክአፕ ሹፌር አገናኙኝ። የሐረጎን ቁልቁለት ከመቻል ጋር ከኋላ ተቀምጠን ወረድነው። ብርዱ ደሴ ቀረ፣ ታች ሙቀቱ ተቀበለን።

በሩ ላይ የጠየቁኝ ገንዘብ አልነበረም። «የክትባት ካርዱን አምጣ» አሉኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ያልታደሰለት ውሻ ግቢያቸው አይገባም። ቀጥለው ዕድሜውን ጠየቁ። ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ውሻ ለውድድር አይቀርብም፣ ለጋ አጥንት ከፍ ያለ መሰናክል አያዘልሉትም። መቻል ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ጠበቅኩ። አልመጣም። እኔ ራሴ «የሀበሻ ውሻ ነው» ብላቸው ዞር ብለው አዩኝና «እኔስ የየት አገር ሰው ነኝ?» አሉኝ። እዚያው ላይ ወደድኳቸው።

ጨዋታው አጂሊቲ ይባላል። ውሻው ያለ ገመድ እየሮጠ መሰናክል ይዘላል፣ በዋሻ ያልፋል፣ በጠባብ ሳንቃ ይሻገራል፣ በቋሚ እንጨቶች መሀል እየተሽሎከለከ ይወጣል። ባለቤቱ አብሮ ይሮጣል፣ በእጅና በቃል ብቻ ይመራዋል። ጋሼ እንዳጫወቱን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ ነው። ክራፍትስ የሚባለው ትልቁ የውሾች ትርኢት ላይ፣ በዝግጅቶቹ መሀል ሕዝቡ እንዳይሰለች ተብሎ የቀረበ ማሳያ ነበር። ሐሳቡ ከፈረስ ዝላይ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓለምን አዳረሰ። በብዙ አገር ድቅል ውሻም፣ ዘሩ የማይታወቅም እኩል ይሮጣል ብለውኛል። (ያ ቡችላ ሻጭ ይህን ቢሰማ!)

የጋሼ ሜዳ የውጭ አገሩን አይመስልም። መሰናክሎቹ የባህር ዛፍ ቀጫጭን እንጨቶች ናቸው፤ ውሻው ከነካቸው እንዲወድቁ እንዲሁ ተደግፈው ነው የሚቀመጡት። መሽሎክለኪያው የውሃ ቧንቧ ነው። ዋሻው ወዲህና ወዲያው ተቆርጦ የተቀጣጠለ የፕላስቲክ በርሜል። ሳንቃው ጫፍና ጫፉ ቢጫ ተቀብቷል፤ ውሻው ሲወጣም ሲወርድም ቢጫውን መርገጥ አለበት። መሽሎክለኪያው ጋ ደግሞ የመጀመሪያው እንጨት በግራ ትከሻው በኩል እንዲሆን አድርጎ ነው መግባት ያለበት። ለምን በግራ? እስካሁን አልገባኝም። ጋሼ አስረድተውኛል፣ እኔም አንገቴን ነቅንቄያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መቻል መሰናክሉን ዘለለ፣ ሳንቃውንም እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ተሻገረ። በርሜሉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዳቦ ወረወርኩለት፣ ተንበረከክኩ፣ ለመንኩት፣ አፌን ከበርሜሉ ወዲያ አድርጌ ጠራሁት። ወይ ፍንክች! የመጀመሪያው ቦታ ቢሆን እስካሁን በጥፊ ይገፉት ነበር። ጋሼ ግን ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ቤት ውስጥ የሚያበላው ማነው?»

«እናቴ ናት። እኔ በጠዋት ነው ለሥራ የምወጣው።»

«ታዲያ ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል አልሰማህም? በሚቀጥለው እሳቸውን ይዘህ ና።»

እናቴን የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ይስቃል። እማዬ ለመቻል ምሳውን ትሰጠዋለች እንጂ ደፍ አታስረግጠውም። ውሻ ቤት አይገባም፤ አለቀ። «እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ውሻ ላዘልል? ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ደግነቱ ኮምቦልቻ እህት አለቻት፤ እሷን መጠየቂያ ሰበብ ሆነላት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፒክአፑ ጋቢና ተቀምጣ መጣች። እኔ ከመቻል ጋር ኋላ።

ጋሼ በክብር ተቀበሏት። ዱካቸውን ከበርሜሉ ማዶ አስቀምጠው እሷን እዚያ አስቀመጧት። «እትዬ፣ አይጥሩት። ምሳውን ሲሰጡት የሚሉትን ብቻ ይበሉ» አሏት። እማዬ ዙሪያዋን አየች። ሌሎች ባለ ውሾችም ነበሩ። አፈረች። ቀስ ብላ «ና… መቻል» አለች። መቻል ጆሮውን ቀሰረ እንጂ አልተነቃነቀም። «እንደሱ ነው ቤት የሚሉት?» አሏት ጋሼ። እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አደረገች፣ ከዚያ እንደ ጓዳዋ በር ላይ ቆማ፦

«አንተ ከርሳም! ና ብላ!»

በርሜሉ ውስጥ ድምፁ ብቻ ተሰማ። መቻል በዚያኛው ጫፍ ወጥቶ ጭኗ ላይ ወደቀ፣ ነጠላዋም ጭቃ ሆነ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እማዬ ራሷ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም፤ እውነቴን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዋሻው ትዕዛዝ «ከርሳም» ሆኖ ቀረ።

የመጥረጊያውን ነገር ያወቁትም ያን ዕለት ነው። እማዬ ነገረቻቸው። እሳቸውም እዚያው አሳዩዋት፦ መጥረጊያውን መሬት ላይ አስተኝቶ ምግቡን ራቅ አድርጎ መስጠት፤ ሳይፈራ ከበላ በቀጣዩ ቀን ትንሽ ጠጋ ማድረግ፤ ከፈራ መመለስ። ማንሳት የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እማዬ ቤት ውስጥ በትዕግሥት ሠራችው። አሁን በረንዳው ሲጠረግ መቻል ጅራቱን እየቆላ መጥረጊያውን ይከተላል። ለዚህ ልከፍል ብል ጋሼ እጄን መለሱት። «ለሱ አልቀበልህም። የሥራ ጓደኛዬ ያጠፋው ጥፋት ነው» አሉኝ። ያንን ሰውዬ በመልክ እንኳን አያውቁትም።

ሌላም ውለታ አላቸው። ሠፈራችን የእስላሙም የክርስቲያኑም ነው። ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው ውሻ እንዲነካው አይፈልግም፣ ልክም ነው። ጋሼ ራሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የሶላት ልብሳቸው ውሻ በማይደርስበት ለብቻው ተሰቅሎ ነው የሚውለው። ስለዚህ ከዝላይ በፊት ለመቻል ያስተማሩት «ዳር!» የምትለውን ቃል ነው። ሰው ሲመጣ «ዳር!» እለዋለሁ፣ ወደ መንገዱ ጠርዝ ሄዶ ይቀመጣል፣ ሰውየው እስኪያልፍ አይነሳም። ድሮ ገና ከሩቅ ሲያየን መንገድ ይቀይር የነበረ ጎረቤታችን አሁን ቆሞ ሰላም ይለኛል። ለኔ ይሄ ከየትኛውም ዋንጫ ይበልጣል።

ዋንጫ ካልኩ ስለ ውድድሩም ልንገራችሁ። ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ከደሴም ከኮምቦልቻም ውሻ ያለን ሰዎች በጠዋት ተሰባስበን ነው። ሽልማቱ ከሥጋ ቤት የመጣ አጥንት። ደንቡ ግን የምር ነው። በእጅ ምግብ መያዝ የለም፣ ውሻውን መንካት የለም፣ እንጨት የጣለ ወይም ቢጫውን የዘለለ አምስት የቅጣት ነጥብ ይያዝበታል። ዳኛው ጋሼ። መቻል እንጨት ሳይጥል መጣ። ቢጫውን ረገጠ። በግራ ትከሻው ገባ! ልቤ ሊቆም ነው። በርሜሉ ጋ ሊደርስ ሲል እማዬ ከተመልካቹ መሀል ተነስታ «አንተ ከርሳም!» ብላ ለቀቀችው። ፊሽካ ተነፋ። ከሜዳ ውጭ ያለ ሰው አገዘ፣ ከውድድር ውጭ!

«ኧረ ምነው አንቱ! አፌን ልስፋው?» አለች እማዬ።

«አብሽሩ እትዬ፣ ደንብ ነው» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን ሳያጠፉ።

አንደኛ የወጣው የሌላ ሰው ውሻ ነው፣ ያውም ሁለት እንጨት ጥሎ። ተናደድኩ? በጣም። ግን አስቡት፤ ገንዘብ የሚከፍላቸው እኔ ነኝ፣ ዓይን ጨፈን ማድረግ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። እንዲህ ያለ ሰው ነው ውሻዬን የማምነው። አሁን ደግሞ የሚያሠለጥኑት መቻልን ሳይሆን እኔን ሆኗል፤ «ከርሳም»ን በእናቴ ቃና እንድል። «አይደለም፣ እሳቸው ሲሉት መጨረሻው ወደ ላይ ይወጣል» እያሉ ያርሙኛል። እማዬ ስትሰማኝ ትሳደባለች።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሂዱ። ውሻችሁን አስራችሁ ገንዘብ ለሚበላ ሰው አትስጡ፣ ጋሼ ጋ ሂዱ። ውሻውን ትታችሁ የምትሄዱበት ቦታ አይደለም፤ አብራችሁ ነው የምትሠለጥኑት። ዋጋቸው የሚቀመስ ነው፣ ተማሪ ከሆናችሁ ይቀንሱላችኋል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። የፒክአፑንም ሹፌር አገናኛችኋለሁ።

በጠዋት ድረሱ። ፀሐይ ከበረታ ጋሼ የእጃቸውን ጀርባ መሬቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሙቀቱን ካልቻሉት የዚያን ቀን ሥልጠና የለም፤ ውሻ እንደ ሰው ሰውነቱ ሁሉ አያልበውም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ሆዱ ሞልቶ አታምጡት። ውሃ ያዙለት። ከሁሉ በላይ ግን የክትባት ካርዱን እንዳትረሱ፤ ከደሴ ድረስ ወርዳችሁም ቢሆን ከበር ይመልሷችኋል፣ አይናቸውን አያሹም።