ለተመራቂ ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፦ ቲቸርን ላስተዋውቃችሁ

በአደባባይ ምስጋና መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ግን ከተመረቅኩ ወዲህ የዶርም ልጆች «ቲሲስህን ማን ረዳህ?» እያሉ ስልኬን አስጨንቀውታል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

የተማርኩት ሲቪል ነው፣ አምስት ኪሎ። የመመረቂያ ሥራዬ የቡና ገለፈት አመድ ኮንክሪት ውስጥ ከሲሚንቶው የተወሰነውን መተካት ይችላል ወይ የሚል ነበር። የላብራቶሪውን ሥራ በሰላም ጨረስኩ። አቦካሁ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ኪዩቦች ሞላሁ፣ ውሃ ውስጥ አቆይቼ ጥንካሬያቸውን ለመለካት በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሰበርኩ። ጉዱ የመጣው መጻፍ ላይ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሬያለሁ። ማትሪክ ግን ምርጫ ነው። የፍሬሽማን ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽን ካለፍኩ ወዲህም ስሌት እንጂ አንቀጽ የጠየቀኝ የለም ማለት ይቻላል። የላብ ሪፖርት? እሱማ ከሲኒየር የሚወረስ ነው፤ ቁጥሩን ቀይሮ ማስገባት። ያላደረገ ድንጋይ ይወርውር።

መጀመሪያ የሄድኩት «ቲሲስ ኤዲት እናደርጋለን» ብሎ የለጠፈ አንድ ኮፒ ቤት ነበር። ከፈልኩ። ሲመልሱልኝ «ኮምፕረሲቭ ስትሬንግዝ» (ኮንክሪቱ ሲጫኑት የሚቋቋምበት ጥንካሬ) የሚለው ሁሉ «ስኩዊዚንግ ፓወር» ሆኗል። ለካ ቃል የሚቀያይር ሶፍትዌር ውስጥ ከተውት ነው። አድቫይዘሬ ሦስት ገጽ አንብቦ መለሰልኝ። አልተቆጣም። ዝም ብሎ መለሰልኝ፤ እሱ ይብሳል።

ቲቸርን የጠቆመችኝ አንዲት ሲኒየሬ ናት። ቲቸር ራሷ ስሜን አትጥቀስ ስላለችኝ እንዲሁ ቲቸር እያልኩ ልቀጥል። በትምህርቷ ኬሚስት ናት፤ አሁን የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችን ጽሑፍ ታስጠናለች። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ላፕቶፔን ልከፍት ስል «ቆይ፣ ዝጋው። ምን አገኘህ? በአማርኛ ንገረኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። አመዱ ሲበዛ ጥንካሬው ይወርዳል። በ7ኛው ቀን ልዩነቱ ሰፊ ነበር፣ በ28ኛው ግን ጠበበ። አመዱ የሚሠራው ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ከሚለቀው ኖራ ጋር ነው፣ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ይመስለኛል አልኳት። ሶፍት ላይ እየጻፈች ታዳምጠኛለች። ስጨርስ «አሁን ያልከውን ጽሑፍህ ውስጥ አሳየኝ» አለች።

ፈለግኩ። የለም። 62 ገጽ ውስጥ የለም! ያለው «ከላይ ያለው ግራፍ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ያሳያል» የሚል ብቻ ነው። «ግራፍ መሆኑንማ እኔም አያለሁ» አለችኝ።

እኔ እንግሊዝኛ የከዳኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ራሱን አልጻፍኩትም ለካ።

ከዚያ በኋላ በተገናኘንባቸው ሳምንታት ሁሉ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፈችልኝም። የሚጽፍላችሁ ሰው የምትፈልጉ እሷ ጋ አትሂዱ። ሥራዋ መጠየቅ ነው። «አመዱ ተዘጋጀ» ብዬ ጽፌ ነበር። የት አቃጠልከው? በስንት ዲግሪ? ስንት ሰዓት? በየትኛው ወንፊት ነፋኸው? ሌላ ልጅ ይህን አንብቦ መድገም ይችላል? ግማሽ መስመር የነበረው አንድ ገጽ ሆነ። ሰዋስው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሠራኸውን በኃላፊ ጊዜ፣ ግራፉ የሚያሳየውን በአሁን ጊዜ፣ በቁጥሩና በመለኪያው መካከል ክፍተት፣ የሠንጠረዥ ርዕስ ከላይ፣ የሥዕል ከታች። እሱን በአንድ ከሰዓት ጨረስነው።

አንድ ቀን ሠንጠረዥ 4 ላይ አፈጠጠች። «ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ኪዩብ ሰበርኩ ብለሃል። እዚህ ጋ ያለው ሁለት ነው። ሦስተኛው የት ሄደ?»

ፊቴ ጋለ። በጣም ዝቅ ያለ ውጤት ስለሰጠኝ ዝም ብዬ አውጥቼው ነበር። ተናደድኩም፤ እኔ ለእንግሊዝኛ እንጂ ለኦዲት አልመጣሁ ብዬ በሆዴ። «ጻፈው። ለምን እንደተውከውም ጻፍ። ለምን ዝቅ እንዳለ ካላወቅክ አላወቅኩም በል» አለች። አንድ ቀን አኩርፌ በማግስቱ ጻፍኩት። የሚገርመው፣ ዲፌንስ ላይ ስለዚያ ኪዩብ ትንፍሽ ያለ የለም። አጥብቀው የጠየቁኝ አመዱን እንዴት እንዳቃጠልኩት ነው። «ገጽ 21 ላይ አለ» ብዬ ቀና አልኩ።

ኤአይ አትጠቀሙ አትልም። ማጣቀሻውን ግን «ከፍተህ አሳየኝ» ትላለች። ኤአይ ለእኔ ከሰጠኝ ማጣቀሻዎች ውስጥ ሁለቱ ከነጭራሹ የሌሉ ጽሑፎች ሆነው ተገኙ።

የማይመቸውንም ልንገራችሁ። ካፌው ይጮሃል። ክፍያው በሰዓት ነው፣ ለተማሪ ኪስ ከበድ ይላል፤ እኔም ከሁለት ልጆች ጋር ተካፍዬ ነው የተወጣሁት። ማስረከቢያው ሳምንት ሲቀረው የሚሮጥ አትቀበልም፣ ብትለምኗትም። የስትራክቸር ስሌት ደግሞ አትጠይቋት፤ «እሱን ለአድቫይዘርህ» ነው መልሷ።

ቲቸር፣ ይህን ካነበብሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ባታነብም ጥራዙን አቅፋ ፎቶ ተነስታለች። ያለብኝ የማኪያቶ ዕዳሽም አልተረሳም።

ቁጥሯን እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ዳታችሁን ሙሉውን ይዛችሁ ሂዱ። የደበቃችሁትንም ኪዩብ ጭምር።