ድመቴ፣ ሽንቱና ፒያሳ ያለው ክሊኒክ
ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ድመቴ ደም ሲሸና ጎንደር ፒያሳ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት፣ በደንብ አየው። ግን "ሽንቱን አምጪ" ብሎ ብልቃጥ ሰጥቶ ሸኘኝ፤ እንዴት አድርጌ? የሚሸናበት ሳፋ ውስጥ ያለው አሸዋ እንደሆነ ሁሉን ይመጠዋል! በመጨረሻ አሸዋውን ደፍቼ፣ ሳፋውን አጥቤ አድርቄ፣ ንጹሕ ፌስታል ቆራርጬ በተንኩበትና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ሸና፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ሳብኩት (ባለቤቴ አብዳለች ብሎኛል)። ጠዋት ስወስደው "ፍሪጅ ውስጥ ነበር?" አይለኝም! አልነበረም፣ ተጣለ። ይህን ቀድሞ መናገር ምን ይከብዳል? ሁለተኛ ስወስደው ሐኪሙ ራሱ ሽንቱን በመርፌ ከፊኛው ቀዳለት፣ በደቂቃ አለቀ። ወንድ ድመት እያማጠ ጠብታ ካልወጣው ግን ብልቃጡን ተዉት፣ ይዛችሁት ሩጡ፣ ይሞታል። ለሕክምናው 5 ኮከብ፣ ለማስረዳቱ 2።