የአሮጌ ቮልስ ማስቲሽ ለማላቀቅ፦ ሂት ገን፣ ቲነር ወይስ ስፓቱላ?

ቮልስ የሚያድስ ሰው ሞተሩን ፈርቶ ይገባል፤ የሚያስለቅሰው ግን ማስቲሹ ነው። ሞኬቱ፣ የጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ፣ ወለል ላይ የተለጠፈው ጥቁር ካትራሜ፣ ሁሉም ለዘመናት ተጣብቆ የኖረ ነው። ደግሞ ሁሉም በአንድ መሣሪያ አይነሳም።

ገንዘባችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ፣ ሙቅ አየር የሚተፋውን ሂት ገን ግዙ። ሙቀቱ የሚስተካከል ይሁን። ብዙዎቹ እስከ 600 ዲግሪ ይደርሳሉ፤ ማስቲሽ የሚለሰልሰው ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ነው። የማይስተካከለው ቀለም ያቃጥላል። ቀስ ብላችሁ ካሞቃችሁት ሞኬቱ ሳይቀደድ ይነሳል፤ ለአዲሱ ልክ መቁረጫ ይሆናችኋል። መስታወት ዙሪያ ላለው የጣሪያ ጨርቅ የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። መብራት ከጠፋ ግን ሁለቱም ዕቃ ብቻ ናቸው።

ቲነር ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ቶሎ ይሠራል። ችግሩ ቀለሙንም ፕላስቲኩንም አብሮ መብላቱ ነው። እኔ የምገዛው ለመጨረሻዋ ቅሪት፣ ለጨርቅ ማርጠቢያ ያህል ብቻ ነው። በቤንዚን የሚያጥቡም አሉ። ተዉት! ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በደብረ ብርሃን ብርድም ቢሆን ይቀጣጠላል። የቮልስ ባትሪ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ቲነርም ሆነ ሂት ገን ከማንሳታችሁ በፊት ባትሪውን አውጡት፤ ሁለቱን በአንድ ቀን አትጠቀሙ። ነጭ ጋዝ ዘገምተኛ ቢሆንም ለቀለም ይራራል። ቅባቱን በሳሙና ካላጠባችሁት ግን አዲሱ ማስቲሽ አይዝም።

ትራፓኖ ላይ የሚገጠም የሽቦ ብሩሽ? አልመክርም። ማስቲሹ ሲግል ይቀልጥና መልሶ ይለጠፋል፣ ቀለሙ ይላጣል። የድሮ መኪና ንጣፍ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራውም አያስተማምንም።

ካትራሜው ላይ የእኛ ሰው ዕድለኛ ነው። ውጭ አገር ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ የሚሆን ደረቅ በረዶ (የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ይደፉበታል፤ ካትራሜው ይደርቅና ይሰነጠቃል። እዚህ ደጋው ላይ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ፣ እኩል ባይሆንም፣ በነፃ ያግዛል። መኪናውን ውጭ አሳድሩት፤ ፀሐይ ሳትወጣ በመዶሻ መታ መታ፣ ከዚያ በብረት ስፓቱላ ፈንቀል። ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ይህ አይሠራም። እናንተ ፀሐይ ላይ አቁሙትና ሲለሰልስ ፋቁት፣ የቀረውን በነጭ ጋዝ ጨርሱ።

ስፓቱላ ሁለት ዓይነት ግዙ፤ ቀለም ላለበት ፕላስቲክ፣ ለወለሉ ብረት። የብረቱን ማዕዘን በሞረድ ክብ አድርጉት። ወለሉ ሲራቆት በመዶሻ ቆርቆር አድርጉት። ድምፁ የሞተበት ቦታ ብረቱን ዝገት በልቶታል፤ አዲስ ሞኬት ከመግዛታችሁ በፊት ብየዳ ቤት ውሰዱት።